በሜዳው መሀል የቆመው ባቡር

«ባሕሩን ሳላይ አልሞትም» ብለው የቆረጡት የሚጡ አባት ናቸው።

ሐኪማቸው ለተዳከመው ልባቸው አውሮፕላን እንደማይሆን፣ መኪናም እንደሚያንገላታቸው ሲናገር ታላቅ ወንድሟ ብዙ አላመነታም። ከከተማው እስከ ወደቡ ጎብኚዎችን ይዞ በሚመላለሰው የቅንጦት ባቡር ላይ አንድ ሙሉ ፉርጎ ተከራየ። የፉርጎው ግድግዳ በጥቁር ቀይ እንጨት የተለበጠ ነው፤ የበሮቹ እጀታ ነሐስ፣ የኮሪደሩ ምንጣፍ ኮቴ የሚውጥ። አስተናጋጆቹ ነጭ ጓንት አድርገው ሾርባ ያቀርባሉ፤ ሾርባውም ሳህኑ ውስጥ ሆኖ ከባቡሩ ጋር ቀስ እያለ ይወዛወዛል። በሰፊው መስኮት በኩል አገሩ ያልፋል፤ ወርቅ የመሰለ የደረቀ ሣር፣ እዚህም እዚያም ጥላውን ዘርግቶ ብቻውን የቆመ ግራር፣ ባቡሩን ሲያዩ ጆሯቸውን ቀጥ አድርገው የሚያፈጡ የሜዳ አህዮች።

ሽማግሌው በወጣትነታቸው እዚያ ወደብ ላይ ከረጢት ተሸክመዋል። የተሸከሙትን ዱቄት ቆይተው ነገዱት፤ ኋላም ፋብሪካ ተከሉ። የተነሡበትን ባሕር ግን ተመልሰው አላዩትም። አሁን ከመስኮቱ ሥር በትራስ ተደግፈው፣ የኦክስጅኑ ቱቦ አፍንጫቸው ላይ እንደተሰካ፣ ያገኙትን ሁሉ በጣታቸው ያሳያሉ።

«ሚጡ፣ ያቻትልሽ ሰጎን።»

«አየኋት፣ አባባ።»

«የታባሽ። ሌላ ነገር ነው የምታዪው።»

እውነታቸውን ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቷት እንኳን ሚጡ መባል ያልቀረላት ይህች ልጅ የምታየው ሰጎኗን አልነበረም። መስታወቱ ላይ ያረፈውን የአባቷን አስታማሚ ነርስ ምስል ነበር። እሱ ከኋላዋ ቆሞ መድኃኒት ያዘጋጃል። ቀና ሲል ዓይናቸው መስታወቱ ውስጥ ተገናኘና ሁለቱም ቶሎ ብለው ወደ ሜዳው ሸሹ።

ነርሱ ወደ ቤታቸው የመጣው የአባቷ እግር ማበጥ በጀመረበት ሰሞን ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚከልል ሰው ነው። እናቱ ገበያ ውስጥ ልባሽ ጨርቅ እየሸጡ አስተምረውታል። ሽማግሌው ገና በመጀመሪያው ሳምንት «ዶክተሬ» ማለት ጀመሩ። «አባቴ፣ እኔ ነርስ ነኝ» ሲላቸው «እሱን ለሐኪሙ ንገረው፣ እኔን የሚነካኝ አንተ ነህ» ይሉታል። ሚጡ እናቷን አታውቃትም። አባቷ ፀጉሯን እያበጠሩ፣ ቀሚሷን እየተኮሱ ነው ያሳደጓት። ስለዚህ ሲታመሙ እግራቸውን ለሌላ ሰው አልሰጥም አለች። በየማለዳው ነርሱ ያበጠውን እግር በአውራ ጣት እንዴት እንደምትጫን ያሳያት ነበር። «ጉድጓዱ ቶሎ ካልሞላ ውኃ ይዟል ማለት ነው» ይላታል። አንድ ቀን ጣቱን ከጣቷ ላይ ሳያነሣ ቆየ። እሷም አላነሣችም። ጉድጓዱ ሞልቶ ካለቀ በኋላ እንኳን ሁለቱም እዚያው ነበሩ።

ሰው ፊት «እርስዎ» ይላታል። ብቻቸውን ሲሆኑ «አንቺ»። ያቺ «አንቺ» በቀን አንዴ እንኳን ከደረሰቻት ሚጡ ቀኑን ሙሉ ትጠግባለች።

ባሕሩ ጋ ሲደርሱ ለአባቷ ሊነግሩ ተስማምተው ነበር የተሳፈሩት። በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ግን ሚጡ ኮሪደሩ ውስጥ ጠብቃ መንገዱን ዘጋችበት።

«ዛሬ ንገራቸው።»

«ባሕሩ ጋ ነው ያልነው እኮ።»

«ወደቡ ላይ ማን እንደሚጠብቀን ዛሬ ነው የሰማሁት። የአባባ ሸሪክ ልጁን ይዞ እየመጣ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገርህ ወይስ ገብቶሃል?»

ነርሱ እጁ ላይ የያዘውን የውኃ ብርጭቆ ከወዲያ ወዲህ አዟዟረው።

«ገብቶኛል። ቢሆንም ልባቸው አሁን ምንም አይችልም። ደስ ብሏቸው ባሕሩን ይዩ፤ ከዚያ እኔው ራሴ ተንበርክኬ እነግራቸዋለሁ።»

«የአባቴን ልብ ጋሻ አድርገህ እስከ መቼ ትደበቃለህ? ከፈራህ ፈራሁ በል።»

«እፈራለሁ። ማን አልፈራም አለሽ?»

በሩ ተከፈተና ታላቅ ወንድሟ ብቅ አለ። ክፉ ሰው አይደለም። ለነርሱ ያለው አመለካከት ለጥሩ ሹፌር ካለው አይለይም፤ ያከብረዋል፣ አብሮት ግን ማዕድ አይቀርብም። ነርሱ ወዲያው ወገቡን አቃንቶ ወደ ሚጡ ዞረ።

«ሻይ እንዲያመጡልዎት ልንገራቸው?» አላት።

«እርስዎ» ስትባል እንደዚያን ቀን አንገብግቧት አያውቅም። ለወንድሟ ሲል እንደሆነ ታውቃለች። ሆኖም በር ፊቷ ላይ የተዘጋባት መሰላት። «አያስፈልግም» ብላ አልፋው ሄደች፤ መሄዷ እንደጎዳው እያወቀች፣ ጥቂት ይጎዳ ብላ።

ከምሳ በኋላ ሙቀቱ በረታ። ሽማግሌው ምግቡን ሳይነኩት ወደ ጎን ገፉትና ሚጡን አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጧት።

«ወንድምሽ ለሥራ ጎበዝ ነው። ለሰው ግን ጊዜ የለውም። እኔ ስሄድ በዚያ ትልቅ ቤት ከሠራተኛ ጋር ብቻሽን ልትቀሪ ነው። የሸሪኬ ልጅ ጨዋ ነው፤ አይጠጣም፣ አይጮህም። ሰው እጅ ላይ አኑሬሽ ብሄድ ምን አለበት?»

«አባባ፣ ስንደርስ እናወራለን።»

«እሺ። ስንደርስ» አሉ፣ እንዳላመናት ሰው። ከዚያም ሳል መጣ።

ሳሉ እንደ ሌላው ቀን አልነበረም። ከውስጥ የሚፈላ ነገር ያለ ይመስል ደረታቸው ይንተከተካል። ከንፈራቸው ጠቆረ። ነርሱ በሁለት እርምጃ ደረሰ፣ ብድግ አድርጎ አስቀመጣቸው፣ እግራቸውን ከአልጋው አወረደ፣ ኦክስጅኑን እስከ መጨረሻው ከፈተ። አፋቸው ላይ ሐምራዊ አረፋ ብቅ ሲል ሚጡ ቀና ብላ ፊቱን አየችው። በእነዚያ ሁሉ ወራት ፊቱን ማንበብ ተምራለች። ፊቱ ላይ ያነበበችው አባቷ እየሄዱ እንደሆነ ነው።

ነርሱ የመርፌውን መድኃኒት ስቦ ክንዳቸውን አሰረ። ደም ሥሩ ጠፍቷል። አንዴ ወጋ፣ ባቡሩ ተወዛወዘና ሳተው። ደግሞ ወጋ። አልሆነም።

«ባቡሩን አስቁሙልኝ» አለ ሳሉን ሰምቶ የገባውን ወንድሟን ቀና ብሎ ሳያይ። «በዚህ መወዛወዝ አላገኘውም። ይሩጡ።»

ወንድሟ ሮጠ። በሩ ተከፍቶ ቀረ።

ሽማግሌው በዓይናቸው ሚጡን ፈለጓት። እጃቸውን ስትይዝ በረዶ ሆኗል።

«ቃል... ስጪኝ» አሉ፣ በየቃሉ መሀል አየር እየፈለጉ። «ልጁን... አግቢው። በሰላም... ልሂድ።»

ሚጡ ወደ ነርሱ ዞረች። መርፌውን ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ የአባቷን ክንድ እያየ ነው። ቀና ቢልላት፣ አንድ ጊዜ ቢያያት፣ ምናልባት ሌላ ነገር ትል ነበር። ቀና አላለም። አባቷ ደግሞ እየሰጠሙ ናቸው፤ ዓይናቸው ይለምናል። ፀጉሯን ያበጠረላትን እጅ ይዛ ምን ትበል?

«እሺ፣ አባባ። አገባዋለሁ። ቃሌ ነው። በሰላም ይሁኑ።»

እጃቸውን ሳመች። ግንባሯን እዚያው ላይ ደፋች።

ያን ጊዜ ከሥር የብረት ፉጨት ተሰማ። ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ፣ ፉርጎው ወደ ፊት ገፋ አደረጋቸውና ቆመ። በተከፈተው መስኮት የፌንጣ ድምፅ ገባ። ከዚያ ውጪ ጭጭ አለ። ሚጡ ቀና ስትል ነርሱ መርፌውን እንደያዘ ድርቅ ብሏል። ደም ሥሩን እየፈለገ ነው አለች በልቧ። ከዚያ ጎንበስ አለ። መርፌው ገባ።

ወንድሟ ላብ በላብ ሆኖ ሲመለስ ሦስቱም የሚጠብቁት ሞትን ነበር። ሞት ግን አልመጣም። በመጀመሪያ መንተክተኩ ቀነሰ። ከንፈራቸው ቀስ እያለ መልኩን መለሰ። ያ ሁሉ ደረታቸውን የሞላ ውኃ በሽንት ሲወርድ ነርሱ እያጠበ፣ እያደረቀ፣ ልብሳቸውን እየቀየረ፣ ሳይቀመጥ ሠራ። ጥላው ወደ ምሥራቅ ሲረዝም ሽማግሌው ዓይናቸውን ገለጡ።

«ለምን ቆምን? ደረስን እንዴ?»

ወንድሟ ሳቀ። ያ ለሰው ጊዜ የለውም የተባለው ሰው እየሳቀ አለቀሰ። አልጋው ሥር ተንበርክኮ የአባቱን ጉልበት አቀፈ። ሚጡም ደስታ ልቧን ሲሞላው ተሰማት፤ እውነተኛ ደስታ ነበር። ቀጥሎ የመጣው ነገር ግን ከደስታው ሥር ቀስ ብሎ የሚነሣ ብርድ ነበር።

«ልጄ ቃሏን ሰጥታኛለች» አሉ ሽማግሌው ለወንድሟ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ነርሱ ዘረጉ። «ዶክተሬ፣ አንተም ሰምተሃል። ምስክሬ ነህ። ሰርጓን እንዳይ ያደረግኸኝ አንተ ነህ። ልጄን የዳርኳት በአንተ እጅ ነው።»

ነርሱ የተዘረጋውን እጅ በሁለት እጁ ተቀብሎ ዝቅ ብሎ ሳመው። ቀና ሲል ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። ሚጡ ያን ባዶ ፊት ከምታይ ቢጮህባት በወደደች።

ባቡሩ እንደገና መንቀሳቀስ ሲጀምር ወንድሟ አባቱ አጠገብ ተቀመጠ። ሚጡ በኮሪደሩ አልፋ፣ የሳሎኑን ፉርጎ አልፋ፣ በባቡሩ ጭራ ላይ ወዳለው ክፍት በረንዳ ወጣች። ነርሱ እዚያ ነበር። ፀሐይዋ ሣሩ ላይ ተኝታለች። ሐዲዱ ከእግራቸው ሥር እየተመዘዘ ወደ ኋላ ይሸሻል።

«ይሞታሉ ብዬ ነው» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«ፊትህ ላይ ያየሁት ይህንን ነው። ደስ ብሏቸው ይሂዱ ብዬ ነው እንጂ እኔ...»

«አውቃለሁ። እኔም ይሞታሉ ብዬ ነበር።» የብረቱን መደገፊያ በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዟል። «ጠዋት ብነግራቸው ኖሮ ይህ አይመጣም ነበር። ፈርተሃል ብለሽኛል። ልክ ነሽ።»

«አሁን እሱን ተወው። ነገ በመጀመሪያው ትልቅ ጣቢያ ወንድሜ የጠራው ሐኪም ይሳፈራል። እዚያ አብሬህ ልውረድ።»

«ሲነቁስ? ሚጡ የት ሄደች ሲሉ ማን ይመልስላቸዋል?»

«ወንድሜ አለ።»

«ልባቸው አንድ መጥፎ ወሬ አይችልም። አንቺን የሚያህል ወሬማ...» ራሱን ነቀነቀ። «ዛሬ በመርፌ መልሼ ነገ በወሬ አልገድላቸውም።»

«ታዲያ ለምን መለስካቸው?»

ቃሉ ከአፏ ሳታስበው ወጣ። የወጣውን ስትሰማ ክው አለች። አፏን በመዳፏ ያዘች፤ በረንዳው ወለል ላይ ቁጭ አለች።

«ምን አልኩ? አባቴን እኮ ነው።»

ነርሱ አጠገቧ ተቀመጠ። ሊነካት እጁን ዘረጋና መለሰው።

«ያልሽውን እኔ ካንቺ በፊት አስቤዋለሁ» አላት። «ስሚኝ። ባቡሩ ከቆመ በኋላ ነው። ሁሉም ጸጥ ብሎ ነበር። ደም ሥሩ ይታየኝ ነበር፣ እንደዚህ እጅሽ ላይ እንዳለው። አልወጋሁም። ወንድምሽ የለም። ቃልሽን የሰማነው እኔና እሳቸው ብቻ ነን። እሳቸው ከሄዱ ቃሉም አብሯቸው ይሄዳል አልኩ። እጄ ቆመ። አንድ ትንፋሽ ያህል ይሆናል።»

«ግን አዳንካቸው።»

«አዳንኳቸው። ሰውዬውን ግን አየሁት። ውስጤ ያለውን ሰውዬ። በሽተኛ አልጋ አጠገብ ቆሞ ለራሱ የሚያሰላውን።» ድምፁ ከሐዲዱ ጩኸት በታች ወረደ። «ቃሉን አፍርሰሽ አብረን ብንሄድ እንኳን፣ አንቺን ባየሁ ቁጥር እሱን ነው የማየው። አንቺም እኔን ባየሽ ቁጥር አሁን ያልሽው ቃል ይመጣብሻል።»

«እኔ አልጸየፍህም። ምንም ብታስብ አልጸየፍህም።»

«እኔም አንቺን አልጸየፍሽም። ራሳችንን ነው እንጂ።»

ሚጡ ልትመልስለት ፈለገች። ሐሰት ነው ልትለው፣ ጊዜ ይሽረዋል ልትለው፣ ሰው ነን ልትለው። አንዱንም ራሷ አላመነችውም፤ ምክንያቱም ሽማግሌው ዓይናቸውን በገለጡባት ቅጽበት፣ ከደስታዋ ሥር የተነሣው ብርድ «ምነው ባልነቁ» የሚል እንደነበር አሁን ገብቷታል። ወድዳው፣ ወድዷት፣ በዚያ በሚሸሸው ሐዲድ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ እንደዚያን ሰዓት ብቸኛ ሆነው አያውቁም።

በማግስቱ ጠዋት የተሳፈረው ሐኪም ሽማግሌውን ለረጅም ጊዜ አዳመጣቸው። ከዚያ ቤተሰቡን ኮሪደሩ ላይ ሰብስቦ፣ ይህን የሠራው ሰው ሕይወታቸውን እንደመለሰ፣ ከእንግዲህ ከድንጋጤና ከንዴት ከጠበቋቸው ገና ብዙ ሊኖሩ እንደሚችሉ ተናገረ። «ደስተኛ አድርጓቸው» አለ። «ከመድኃኒቱ ይበልጣል።» ሲናገር ሚጡን እያየ ነበር፤ ሴት ልጅ ናት፣ ትረዳኛለች ብሎ መሆን አለበት።

ነርሱ እናቴ ታማብኛለች ብሎ ተተኪ እንዲፈለግለት ጠይቆ ነበር። ጣቢያው ካለበት ከተማ ሆስፒታል የመጣችውን ነርስ አልጋው አጠገብ አቁሞ በሹክሹክታ አስረከባት። መድኃኒቶቹን አሳያት። ትራሱ ከግራ በኩል ከፍ ማለት እንዳለበት፣ ሲላጩ ወሬ እንደሚወዱ፣ ሲያማቸው ቀልድ እንደሚያበዙና ቀልዳቸው ከበዛ ቶሎ ግፊታቸውን መለካት እንደሚያስፈልግ ነገራት። ሽማግሌው ተኝተው ነበር። ግንባራቸውን በመዳፉ ነካ አደረገና ሻንጣውን አነሣ።

ወንድሟ በሩ ላይ ጠብቆ አቀፈው። «ከእንግዲህ የቤታችን ልጅ ነህ» አለው ከልቡ። «ከዛሬ ጀምሮ ወንድሜ ነህ። ለእሷም ወንድሟ።»

«እግዚአብሔር ያክብርልኝ» አለ ነርሱ።

ሚጡ በኮሪደሩ መስኮት አየችው። መድረኩ ላይ ሰው ይተራመሳል፤ ሻንጣ ተሸካሚዎች፣ ሙዝ ሻጮች፣ ባቡሩን ፎቶ የሚያነሡ ልጆች። እሱ በመሀላቸው ቆሞ የእግሩን ጫፍ ያያል። ቀና በል አለችው በልቧ። ወዲያው ደግሞ ቀና አትበል አለችው፤ ቀና ካለ ትወርዳለች፣ ከወረደች ደግሞ የአባቷ ደም በሁለቱ መሀል ሊፈስ ነው። ባቡሩ ተነሣ። ነርሱ ቀና አላለም። ሚጡ መስታወቱን በመዳፏ ተጭና፣ የሰው ጫጫታ እየራቀ ሲሄድ፣ እንደታዘዘች ሁሉ ቀና ባለማለቱ አመሰገነችው፣ በዚያው ትንፋሽም መቼም ይቅር እንደማትለው ታወቃት።

ሽማግሌው የነቁት ባቡሩ ከኮረብታዎቹ መሀል ሲወጣ ነው። ነርሱ መሄዱን ሲሰሙ ቅር አላቸው። «ሳይሰናበተኝ? ምን ዓይነት ሰው ነው» አሉ። ቀጥለው ግን አየሩን አሸተቱና ትራሱን ራሳቸው ገፍተው ተነሡ።

«ሚጡ፣ መጋረጃውን።»

መጋረጃውን ሳበችው። ከታች፣ ከቆርቆሮ ጣሪያዎቹና ከክሬኖቹ ማዶ፣ ባሕሩ ተዘርግቷል። ሽማግሌው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ከረጢት የተሸከሙበትን መጋዘን ሊያሳዩዋት ጣታቸውን ዘረጉ፤ እንባቸው በተቆረጠው ጢማቸው ላይ ወረደ። «አየሽው? አየሽው ልጄ? አሁን ሸሪኬም ልጁም እዚያ ቆመው ይጠብቁናል» እያሉ እጇን ወደ ደረታቸው ሳቡት።

ሚጡ ፈገግ አለች። ዕድሜዋን ሙሉ እሳቸው ሲደሰቱ ሳትደሰት የቀረችበት ቀን አልነበረም፤ ያ ቀን ዛሬ ሆነ። በመዳፏ ሥር ልባቸው ይመታል፣ ሞቅ ብሎ፣ ሳይዛነፍ፣ ደስ ብሎት። እሷም የሚመታውን ልብ እያዳመጠች፣ አንድ ነገር ብቻ ፈጣሪዋን ትለምን ነበር፤ ያንን ልብ እንዳትጠላው።